ቀበሮው ኮቱን ለብሶ ሲወጣ

ጥር 9

ለእህት ዓለም፣

ይቺ ወረቀት እጅሽ ስትገባ እግርሽ አርፎ፣ ወገብሽ ቀንቶ ታግኝሽ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዓይኗን ታከመች። ያ ስንት ጊዜ «ጨርቁ ነው የደበዘዘው» እያለች ስትሟገትበት የነበረው ነገር ሞራ ሆኖ ተገኘ። የግራውን ገፈው አወጡላት፣ የቀኙን ይሄኛው ሲሽር ነው የሚሠሩላት። ፋሻው የተፈታ ቀን መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አልተቀየምኳትም፣ ስቄ ወደ ቤቴ ገባሁ። ገብቼ ግን መስታወት አየሁ። ትልቋ ልጇ ልጅ ታቅፋ መጥታ እናቷ ጋ ተቀምጣለች። ላስታምም ነው የመጣሁት ትላለች፤ ሰፈሩ ደግሞ ከባሏ ተጣልታ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሕፃኑ ደስ ይላል፣ ጉንጭ ብቻ ነው። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ይተኛል፣ ዝም ሲል ይነቃል። ስለዚህ አያቲቱ በአንድ ዓይኗ ሥራ ጀምራለች።

እኔ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። ማሽኑም እኔም አርጅተናል፣ ወረቀት እንጎርሳለን እንጂ ቶሎ አንተፋም። ወንድምሽ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል። ትንሽ ደከም ብሎታል፣ ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ድሮ ከአማተር ሬዲዮ ክበብ ጓደኞቹ ጋር የሚጫወቱት ጨዋታ ትዝ ይልሻል? አንዱ ማሠራጫ ወስዶ የሆነ ቦታ ይደብቃል፣ ሌሎቹ የእጅ ሬዲዮ ይዘው ድምፁን እየተከተሉ ይፈልጓታል። «የቀበሮ አደን» ነበር የሚሉት። የተደበቀችውም ቀበሮ፣ የደበቀውም ቀበሮ። የእጅ ሬዲዮው እዚህ ቁም ሳጥን ላይ አለ፣ ደህና ይሠራል። ማሠራጫዋ ግን የጫማ ሳጥን ታክላለች። አሁን አውራ ጣት የምታክል ወጥታለች ይላል ሽቦ። ሽቦን ታውቂዋለሽ፣ ያ ቀጭኑ ኤሌክትሪሻን የወንድምሽ ጓደኛ። የምንፈልገውን ዓይነት በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፎልሻል። ለክበቡ ነው። ሰው ሲመጣ በሰው እጅ ላኪልኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንነጋገር እሱ ከጎኔ ስለማይለይ ነው። አንቺም በስልክ አታንሺበት።

አምላክ ካንቺ አይራቅ።

የወንድምሽ ሚስት


የካቲት 21

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከነድካሙ ይድረስሽ። ቤቱንም እናንተንም ክፉ አይንካችሁ።

ለልብስ ሰፊዋ እንኳን ማረሽ በይልኝ። ልጅ ሆኜ የሰፋችልኝ ቀሚስ እጅጌው አንዱ ይረዝም ነበር። ሞራው ያኔ ነው የጀመራት በይና አስቂያት።

ዕቃዋን ገዝቻለሁ። ሻጩ «ለአዳኝ ውሻ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ምን ልበለው። በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አለ፣ ይዞልሽ ይመጣል።

እትዬ፣ እኔ የምሠራው ሽማግሌዎች ማቆያ ውስጥ መሆኑን ረስተሽዋል መሰለኝ። የዚህ ቤት በር በቁጥር ነው የሚከፈተው፣ ቁጥሩን የምናውቀው ሠራተኞቹ ብቻ ነን። ጠዋት ስገባ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ሥር የሚጠብቁኝ አሉ። «አውቶቡሱ መጣ?» ይሉኛል። እየመጣ ነው ብዬ ወደ ቁርስ እወስዳቸዋለሁ። ሰው የት እንደገባ የምትናገር ትንሽ ዕቃ የሚፈልግ ቤተሰብ ምን እንደገጠመው፣ ሳይነግሩኝም አውቃለሁ። ክበቡ ከተበተነ ቆይቷል፣ ራሱ ጋሼ ነው በስልክ የነገረኝ። ሽቦም በዚያ በታመመ ጉልበቱ አይሮጥም። እና ለማን ነው?

ባለፈው ስንደዋወል ጋሼ እናታችን ደህና መሆኗን ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ። እናታችንን አብረን ነው የቀበርናት፣ አንቺም ነበርሽ። ደህና ናት አልኩት። አንቺ ከጎኑ ቆመሽ አፍንጫሽን ስትስቢ ሰምቼሻለሁ። ጉንፋን አልነበረም።

እውነቱን ጻፊልኝ። ቸር ያሰማን።

ትንሿ


ሚያዝያ 2

ለእህት ዓለም፣

መጽናናትን ከላይ ይላክልሽ፣ ለእኔም ይትረፍ።

ማሠራጫዋ ደረሰች፣ እጅሽ ይባረክ። እንዲህ ቀጥ አድርገሽ ከጠየቅሽኝ ምን እደብቅሻለሁ። ለእሱ ናት።

የጀመረው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው። መሸት ሲል የአውቶቡስ ሹፌር ክንዱን ይዞ አመጣልኝ። «መጨረሻ ፌርማታ ደርሰን አልወርድም አሉኝ» አለ፣ ትሕትናው ደግሞ አስለቀሰኝ። ቀጥሎ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ «የመርሳት በሽታ ነው፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም» አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን በሩን ከውጭ ቆልፌበት ሥራ ሄድኩ። ወንድምሽ ስንት ዘመን የስልክ መስመር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው መሆኑን ረሳሁት። ስመለስ ቁልፉ ተፈቷል፣ ብሎኖቹ ጠረጴዛ ላይ በየመጠናቸው በረድፍ ተደርድረዋል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሌባ ቢገባ እንኳ ሥርዓቱን አይቶ ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው። እሱን ገበያው ጋ አገኘሁት፣ የማያውቀውን ሰው ጃንጥላ ይዞለት ቆሟል። ከዚያ ወዲያ መቆለፍ ተውኩ።

ኮቱን ሳይለብስ ግን አይወጣም። ፀሐይ ቢሆን፣ ሙቀት ቢሆን፣ ኮቱን። ይሄን ያየሁ ቀን ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ልብስ ሰፊዋ በዚያች በተሠራች ዓይኗ ከገበሩ ሥር ትንሽ ኪስ ሰፋችልኝ፣ ማሠራጫዋ እዚያ ገባች። ሽቦ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው ስለሆነ አስተካክሎ ሞላት። በየጊዜው በሬዲዮ ጲጵ ጲጵ እያለች የወንድምሽን የጥሪ ምልክት ትልካለች፣ ያንን ክበብ ውስጥ በስም ፈንታ የሚጠራበትን። እንግዲህ ስሙን እየሰማሁ ነው የምከተለው።

ያስተማረኝ ማን ይመስልሻል? ራሱ። በልቶ አለመብላቱን አያውቅም፣ ይቺን ግን አልረሳትም። ኮቱን ልብስ ሰፊዋ ጓሮ ሰቅዬ፣ ሬዲዮውን ይዤ ግቢው መሐል ስሽከረከር ከወንበሩ ሆኖ አየኝ።

«አትቸኩይ» አለኝ። «ድምፁ ወፈር ወዳለበት አዙሪው አንቴናውን። እንደ መጥረጊያ አትወዝውዢው።»

አንቴናው ያ የድሮው ነው፣ የአናጢ ብረት ሜትር ቆራርጦ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ያሰረው።

«አሁን በሁሉም በኩል እኩል ይጮሃል» አልኩት።

«ቀርበሻታል ማለት ነው። ሲቀርብ ያደነቁራል። አንቴናውን ንቀይው፣ ሬዲዮውን ደረትሽ ላይ ለጥፊው፣ ቀስ ብለሽ በቦታሽ ዙሪ። ድምፁ የደከመበት ላይ ቁሚ።»

ቆምኩ።

«ከጀርባሽ ናት» አለ። «ሰውነትሽ ጋርዷት ነው የደከመችው።»

ዞርኩ። እውነቱን ነው፣ የልብስ ሰፊዋ ጓሮ ከጀርባዬ ነበር። ደስ አለው፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ። «ዛሬ የሚደብቀው ማነው?» አለ።

«ከክበቡ አንዱ ነው።»

«ጎበዝ ነው?»

«ኧረ አስቸጋሪ ነው፣ አያድርስ።»

«እንግዲያው ብረት አጠገብ ነው የሚደብቃት። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ብረት ድምፁን ይመልሰዋል፣ አዳኙ ግድግዳ ሲያቅፍ ይውላል።» ከዚያ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው ሰጠና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ እኮ የእኔ ጥሪ ነው። ማነው በስሜ የሚያሠራጨው?»

ሽቦ ነው አልኩት። ሽቦን ቀኑን ሙሉ ሲሰድበው ዋለ፣ በደህና ጤንነቱ እንኳ እንደዚያ አይናገርም።

ሰው ያየኛል በመንገድ። አንዲት ሴትዮ በረንዳዋ ላይ ሆና «የቴሌቪዥን ሠራተኛ ነሽ? የእኛም አይሠራም» አለችኝ። አልፌያት ስሄድ ተቆጣች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «አንቺ ሴትዮ የምትሠሪው እዚህ ነው ወይስ መንገድ ላይ?» ይለኛል። እሱም እውነት አለው።

እህት ዓለም፣ ነገሬን ላሳጥርልሽ። ማቆያ የሚለውን ቃል ልታነሺ መሆኑን አውቃለሁ፣ ከማንሳትሽ በፊት ልንገርሽ። እኔ እስካገኘሁት ድረስ ለማንም አልሰጠውም። ያላገኘሁት ቀን ያኔ እንነጋገራለን።

ከቻልሽ ጫማ ላኪልኝ፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ። ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው።

ሰላምሽ ይብዛ።

የወንድምሽ ሚስት


ሰኔ 28

ለእትዬ፣

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከዚህ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ጫማው አብሮ ተልኳል። ሰፋ ያለውን ነው የመረጥኩት፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ሲያብጥ ስለማውቅ። ጠበበኝ እንዳትይ።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ብቻ አይደለም። የማደርገውን አድርጌ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እዚያ እናንተ ከተማ ዳር ያለውን ማቆያ አግኝቼ ተነጋገርኩ። አንቺን ሳልጠይቅ ጋሼን አስመዝግቤዋለሁ። ተራ አለው፣ ቦታ ሲገኝ ራሳቸው ይጠሩሻል። ተቆጣጣሪዋ ቤት ድረስ መጥታ ታየዋለች፣ ከዚያ አንቺ ትፈርሚያለሽ። የክፍያውን ነገር አታንሺብኝ፣ እሱ በእኔ በኩል ነው።

ተቆጪ። ግን ተቆጥተሽ ስትጨርሺ ይቺን መልሺልኝ፦ አንቺ መንገድ ላይ ስትወድቂ፣ አንቺን በምን ሬዲዮ ነው የምንፈልግሽ? እሱ ወጥቶ አንቺን ሊፈልግሽ ነው? ከእኔ ጋር የምትሠራ ሴት አለች፣ ወደዚህ ቤት የሚገቡትን ስትቀበል ሁልጊዜ የምታየው ያመጣቸውን ሰው ነው። «ከሁለቱ አንዱ ዘግይቶ ነው የመጣው» ትላለች። አስታማሚውን እንጂ ሽማግሌውን ማለቷ አይደለም።

ጋሼ ለእኔ እንደ አባትም ነበር፣ ታውቂያለሽ። ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። ቁጣሽን ጻፊልኝ እንጂ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ትንሿ


ጥቅምት 5

ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ። የሰማይ ጌታ ደጃፍሽን ይጠብቅ።

ዝም ብቻ አትበይኝ ብለሽኝ ዝም አልኩሽ። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ሲወጣልኝ ሌላ ነገር ቀረ፣ እሱ ድካም ነው። ማታ ብዕር አነሳና እጄ ጭኔ ላይ ይቀራል። ጫማው ልክ ነው፣ ሰፊነቱን ወድጄዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ አግኝቼዋለሁ። ክሊኒኩ ወረፋ ላይ ቁጭ ብሎ አግኝቼዋለሁ፣ ምን አሞህ ቢሉት «እኔን ሳይሆን እሷን ነው» እያለ አጠገቡ ያለችውን ያሳያል። አዲስ በሚሠራው ፎቅ ሥር፣ የኤሌክትሪክ ልጆቹን «ይሄ ገመድ እዚህ አይገባም» ሲላቸው አግኝቼዋለሁ። ልጆቹ ወደውታል፣ ባርኔጣ ሰጥተውታል። አንድ ቀን ደግሞ የራሳችን ደረጃ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፣ እኔ አገር ለአገር ስዞር። ስለዚህ ተለማመድኩ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሲወጣ ታየዋለች፣ ትደውልልኛለች፣ እኔ ሬዲዮውን ከባንኮኒው ሥር አንስቼ እወጣለሁ።

ባለፈው ሰሞን፣ ዝናቡ ያባራ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ደወለች። የአንዱን ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያባዛሁ ነበር፣ ግማሹን ማሽኑ አፍ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለበት ሕንፃ ጣራ ላይ ወጥቼ አንቴናውን ባዞረው፣ ድምፁ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ባለው የብረታ ብረት ሰፈር በኩል ወፈረ። ፈራሁ። እዚያ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ የሚያይ የለም። ለሽቦ ደወልኩለት፣ ከዘራውን ይዞ በታክሲ መጣ።

ሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከሁሉም በኩል ይመጣል። አንቴናውን ነቅዬ ሬዲዮውን ደረቴ ላይ ለጥፌ ዞርኩ፣ ደከመ፤ ዘወር ብዬ ወደ ጀርባዬ ሄድኩ፣ የቆርቆሮ አጥር። እንደገና ዞርኩ፣ ሌላ አጥር። ወንድምሽ ያኔ ያለው ነገር ነው የደረሰብኝ፣ ግድግዳ ሳቅፍ ዋልኩ። ሽቦ ጠጋ አለኝና «የሬዲዮውን ቁጥር ትንሽ አንሸራቺው፣ ከሞገዱ አውጪው» አለኝ። «የሩቁና የሚመለሰው ይሞታል፣ የሚቀርልሽ የቅርቡ ነው።» አንሸራተትኩት። ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ የተረፈው ትንሽ ጭረት ብቻ ነው። ጭረቷን እየተከተልኩ የተዘጋ ሱቅ ጀርባ ያለ የብረት ደረጃ ሥር ገባሁ። ሰው የለም። ከጣራ የሚወርድ የውሃ ቱቦ አለ፣ እጄን ሰደድኩ።

ማሠራጫዋን አወጣኋት። በመሐረቡ ተጠቅልላለች።

እህት ዓለም፣ እዚያ እጄ ላይ ሆና ስሙን ትጠራለች፣ እሱ የለም። ደረጃው እርጥብ ነበር፣ ተቀመጥኩበት። ያላገኘሁት ቀን እንነጋገራለን ያልኩሽ ቀን ይሄ ነው አልኩ። አላለቀስኩም፣ ለማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። መንገዱ ላይ መኪናው ይጮሃል፣ እኔ መሐረቡን አጥፌ እዘረጋለሁ።

ሽቦ ሳቀ። በከዘራው ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«ምን ያስቅሃል አንተ?»

«ደብቋታል እኮ።»

«ጥሏት ሄዶ እንደሆነስ ማን አየ?»

«አልጣላትም። የኪሱን ስፌት በጥንቃቄ ተርትሮ፣ ውሃ እንዳይነካት ጠቅልሎ፣ ብረት መሐል ከቷታል። ክበቡ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ደባቂ አልነበረንም። አንቺና እኔ በቀበሮ ኮት ላይ ቀበሮ ሰፋንበት። ምን ያድርግ ታዲያ?»

ሳስበው እውነት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማሠራጫ እጁ ሲገባ ደብቆ የኖረን ሰው ማሠራጫ አስይዘን በእሷ ልንፈልገው። የሁለት ሽማግሌ ሥራ።

«እና አሁን የት ልፈልገው?» አልኩት።

«ደብቆ የሄደበት ቀን የለም» አለ ሽቦ። «የሚፈልጓትን ሰዎች ፊት ካላየ ጨዋታው አይሞላለትም። አንድ ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስንባዝን ሲያየን ውሏል። ሬዲዮውን አጥፊው። አሁን የሚፈለገው ከየት ሆኖ እንደሚያየን ነው።»

ሬዲዮውን አጠፋሁና ቀና አልኩ። አጥር፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የቆመ መኪና። ከመንገዱ ማዶ ላውንደሪ አለ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ከታች በኩል ግን መዳፍ የምታክል ቦታ ተጠርጋለች። በዚያች በተጠረገች ቦታ ውስጥ አንድ ዓይን አለ።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ውስጥ ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ኮቱን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ላውንደሪ የምትሠራው ሴትዮ ሸሚዝ እየተኮሰች «ተራ የሚጠብቁ መስሎኝ ነው፣ ምን ሰጥተውኝ ነበር ብዬ ስፈልግ ቆየሁ» አለችኝ። ወንድምሽ ሽቦን አየና «ዘገያችሁ» አለው። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዪው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ በጨዋ ዓይን።

«አዲስ አባል ናት?» አለ።

ሽቦ መሬት መሬት አየ። የላውንደሪዋ ሴትዮ ካውያዋን አነሳች፣ መልሳ አላስቀመጠችም። ስንት ዘመን አንድ ትራስ ላይ የተኛን ሰዎች ነን፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

«አዎ» አልኩት፣ «አዲስ ነኝ።»

እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። «ለጀማሪ ደህና ነሽ» አለኝ።

ቤት ስንደርስ አወቀኝ። «ምነው እርጥብ ልብስ ለብሰሽ ትዞሪያለሽ» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ግን የመዳፉ ሙቀት፣ ያ የእንግዳ አጨባበጡ፣ እጄ ላይ ቀርቷል።

ከማቆያው ደውለው ቦታ ተገኝቷል ብለውኛል። እንቢ አላልኩም። ሴትየዋ ትምጣና ትየው። አገኘሁት ልበልሽ ወይስ አላገኘሁትም፣ ራሴም አላውቅም። አሁን ምንም አትላኪልኝ፣ የሚያስፈልገኝ ዕቃ አይደለም።

የወንድምሽ ሚስት


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለዚያች እርጥብ ደረጃም።

ደብዳቤሽን ዕረፍቴ ላይ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ጨርሼው ወደ ሥራ ተመለስኩ። ኮታቸውን ለብሰው በሩ ሥር ከሚቆሙት አንዱ «አውቶቡሱ መጣ?» አለኝ። እየመጣ ነው ማለት አቃተኝ። አብሬያቸው ቆምኩ፣ እስኪጠሩኝ ድረስ።

ላስፈራራሽ አይደለም። የምሠራበት ጥሩ ቤት ነው፣ ይሞቃል፣ ንጹሕ ነው፣ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል። እዚህ ማንም ማንንም አይፈልግም፣ ሁሉም የት እንዳለ ይታወቃል። ይሄን ስጀምር ጥሩ ነገር ልናገር ነበር። አሁን መልሼ ሳነበው ምን እንደተናገርኩ አላውቅም።

ተራውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ ልሰርዘውም እችላለሁ። ግን አንቺን ሳልጠይቅ ሁለተኛ ነገር አልሠራም። ፈርሚ ካልሽኝ ፈርሚ እላለሁ፣ ተዪው ካልሽኝ ተዪው። አንቺ ነሽ የምትራመጂው። ሴትየዋ ስትመጣ ማን ምን እንዳለ ብቻ ጻፊልኝ፣ ምንም ሳትቆርጪ።

ትንሿ


ኅዳር 24

ለእህት ዓለም፣

ቤትሽ ይሙቅ፣ ሰው አይጣሽ።

ሴትየዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው፣ ወደድኳት። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር። ወንድምሽ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ቀኑን ጠየቀችው፣ «ጋዜጣ አላየሁም» አላት። ወሩን ጠየቀችው፣ «እሱም እዚያው ጋዜጣው ላይ ነው» አላት። ሳቀች፣ ጻፈች። የሚኖርበትን ቤት ቁጥር ጠየቀችው፣ የድሮውን የስልክ ቁጥራችንን አንድም ሳይሳሳት ነገራት።

ከዚያ በእስክሪብቶዋ ወደ እኔ ጠቆመች። «እኚህ እናት ማናቸው?» አለችው።

አየኝ። ብዙ አየኝ። በመስኮቱ በኩል የአንድ ሰው ብስክሌት አለፈ፣ እሱን ተከትሎ አየ፣ እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ስሟ ጠፋብኝ» አላት። «ግን ከሁሉም እሷ ናት የምታገኘኝ። የትም ብገባ ታገኘኛለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እንዳልሰማ፣ «ዕረፍት የላትም» አላት።

ሴትየዋ መጻፏን ተወች። ወደ እኔ ዞረችና እንዲህ አለች፣ ሳልቆርጥ ነው የምጽፍልሽ፦ «እናቴ፣ ቦታው አለ። ዛሬ ካለፈ ግን ሌላው መቼ እንደሚገኝ አላውቅም። እርስዎም ደክመዋል፣ እያየሁ ነው።»

«ደክሞኛል» አልኳት።

«እንግዲያው ምን ልጻፍ?»

«ለሌላ ሰው ስጪው» አልኳት።

ትክክል ይሁን ስሕተት አላውቅም። ነገ ልጸጸት እችላለሁ፣ ዛሬም ትንሽ ጀምሮኛል። ግን ካገኘሁት እንደማልሰጠው ነግሬሽ ነበር፣ ማግኘቴን ደግሞ የመሰከረው ራሱ ነው። እኔ ልክድ?

እሷ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ገባች። የቀኙም ዓይኗ ተሠርቷል፣ አሁን ሁሉንም ነገር ታያለች፣ የግድግዳችንን ስንጥቅ ሳይቀር። ልጇ ባሏ ጋ ልትመለስ ነው፣ ሕፃኑ ሊሄድባት ስለሆነ ከፍቷታል። እኔን ሳታስፈቅድ «ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ባልሽ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ መኪናው ሲንኳኳ ይተኛ ይሆናል» አለች። እሷ ስትሄድ የላውንደሪዋ ሴትዮ ደግሞ በሸሚዝ ማድረሻ መንገዷ ብቅ አለች። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ እንድትደውልልኝ ስልኬን ወሰደች። «እንፋሎቱን ሲጠርጉልኝ ደግሞ መስኮቱ ይነጣል» አለች።

ሽቦ መጨረሻ መጣ፣ ጉልበቱን እየረገመ። ምን ወሰንሽ አላለኝም፣ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ። ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጥታ ኮቱን ከመስቀያው አወረደች፣ የተተረተረውን ኪስ ገልብጣ አየችና ተቆጣች።

«የእኔን ስፌት እንዲህ አድርጎ!» አለች። «አሁን ከኋላ ነው የምሰፋው፣ ከትከሻው መሐል፣ እጁ በማይደርስበት። እስቲ ያውጣት።»

ሽቦ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ ወንድምሽን አየው። ወንድምሽ ደግሞ ኮቱን እያየ ነበር።

«እንግዲያማ ኮቱን ነው የሚደብቀው» አለ ሽቦ።

የወንድምሽ ሚስት